የድሮውን የሥር ቦይ ሙሌት ጠርጎ ማውጣት፦ ከሥራ ያገኘሁት ተሞክሮ

የሥር ቦይ ሕክምና (በጥርሱ ሥር ውስጥ ያለውን ቀጭን የነርቭ መተላለፊያ አጽድቶ መሙላት) ተደርጎለት የነበረ ጥርስ ከጊዜ በኋላ እንደገና ሲያም፣ ድዱ ላይ መግል የሚያፈስ ትንሽ ቀዳዳ ሲወጣ፣ ወይም ታካሚው ምንም ሳይሰማው በራጅ ላይ በሥሩ ጫፍ ዙሪያ ጥቁር ጥላ እየሰፋ ሲሄድ፣ ጥርሱን ለመንቀል ከመወሰን በፊት ሕክምናውን እንደገና መሥራት ይቻል እንደሆነ መመርመር ይገባል። ከዕለት ሥራዬ ትልቁን ድርሻ የያዘው ይኸው የድጋሚ ሕክምና በመሆኑ፣ ወደዚህ ሥራ እየገቡ ላሉ ባልደረቦቼ ይጠቅማል ብዬ ያሰብኩትን እዚህ አሰፍራለሁ። አስቀድሜ የማስገነዝበው አንድ ነገር አለ። ከቦዩ ውስጥ የድሮውን ሙሌት አብዛኛውን ክፍል ማውጣት ብዙ ጊዜ አይፈጅም፤ ትዕግሥት የሚፈትነው ዋናው ሙሌት ወጥቶ ካለቀ በኋላ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ የሚቀረው ስስ ቅሪት ነው።

ሕክምናው በከሸፈ ቦይ ውስጥ እንደ ኢንትሮኮከስ ፊካሊስ ያሉ፣ ምግብ ባነሰበት ቦታ ለረጅም ጊዜ መቆየትና ወደ ዴንቲን (የጥርሱ ውስጠኛ ጠንካራ አካል) ቱቦዎች ዘልቀው መግባት የሚችሉ ባክቴሪያዎች በተደጋጋሚ ይገኛሉ። እነዚህ ባክቴሪያዎች ከጉታ ፐርቻ (ቦዩ ከሚሞላበት ጎማ መሰል ቁስ) እና ከሲለር (እርሱን ከግድግዳው ጋር ከሚያጣብቀው ቅባት) ቅሪት ሥር ተሸሽገው እስካሉ ድረስ፣ ማጠቢያችን ሶዲየም ሃይፖክሎራይት የቱንም ያህል ጠንካራ ቢሆን ሊደርስባቸው አይችልም። ስለዚህ ሙሌቱን የምናወጣው ለማጠቢያው ፈሳሽ መንገድ ለመክፈት ነው ማለት ይቻላል። በማይክሮ ሲቲ (ጥቃቅን ነገርን በሦስት ገጽታ በሚያሳይ ራጅ) ምስል ቦዩን ከሥራው በፊትና በኋላ ያነጻጸሩ ጥናቶች ደጋግመው እንዳሳዩት፣ ሙሌቱን መቶ በመቶ የሚያወጣ አንድም ዘዴ እስካሁን የለም። ይህን ማወቅ ተስፋ ሊያስቆርጠን አይገባም፤ ይልቁንም አንድ መሣሪያ ተጠቅሞ ሥራው አለቀ ከማለት ይጠብቀናል።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት የመጀመሪያው ሕክምና ለምን እንደከሸፈ መጠየቅ ግድ ነው። ያልተገኘና ያልተነካ ቦይ ቀርቶ ከሆነ፣ የድሮውን ሙሌት የቱንም ያህል አጥርተን ብናወጣ ሕመሙ አይቆምም። በላይኛው የመጀመሪያ መንጋጋ ጥርስ ላይ በፊተኛው የጉንጭ በኩል ሥር ውስጥ የሚገኘው ሁለተኛው ቦይ ለዚህ የታወቀ ምሳሌ ነው፤ ከመጀመሪያው ቦይ አፍ ወደ ላንቃ በኩል ፈቀቅ ብሎ በዴንቲን ከንፈር ሥር ስለሚደበቅ በቀላሉ ይታለፋል። ሥሩ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቆ ከሆነም ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው፤ በአንድ ቦታ ብቻ ጠልቆ የሚገባ ጠባብ የድድ ኪስ ካገኘሁ ይህን አጥብቄ እጠረጥራለሁ። በዚህ ምክንያት ራጁን ቢያንስ ከሁለት አቅጣጫ አነሳለሁ፤ ጥርጣሬው ከቀጠለ ባለ ሦስት ገጽታ የሆነውን የኮን ቢም ሲቲ ምስል አዛለሁ። በምስሉ ላይ የማየው የሙሌቱን ርዝመት ብቻ አይደለም። ሙሌቱ ከቦዩ መሃል ወደ አንድ ጎን ያጋደለ መሆኑ፣ ከጎኑ ክፍት ቦታ መኖሩ፣ ከሥሩ ጫፍ በፊት ድንገት የቆመ መሆኑ ሁሉ ከፊቴ ምን እንደሚጠብቀኝ ይነግረኛል። ድንገት የቆመ ሙሌት ብዙ ጊዜ በቦዩ ግድግዳ ላይ የተቆረጠ እርከን እንዳለ ያመለክታል።

ክራውኑ (ጥርሱን የሚሸፍነው ሰው ሠራሽ አክሊል) በጠርዙ ፈሳሽ የሚያስገባ ከሆነ ወይም ከበታቹ ብስባሽ ካለ አነሳዋለሁ፤ ደህና ከሆነ ግን በመሃሉ በስቼ እገባለሁ። ፖስት (በሥሩ ውስጥ የተተከለ ክራውን የሚይዝ ዘንግ) ካለ በአልትራሳውንድ በሚንቀጠቀጥ ጫፍ ዙሪያውን በውኃ እያቀዘቀዝኩ አላቅቃለሁ። ውኃ ሳይኖር ፖስትን ለረጅም ጊዜ ማንቀጥቀጥ ሥሩን አግሎ በዙሪያው ያለውን አጥንት ሊጎዳ ስለሚችል በዚህ ላይ ቸልታ ቦታ የለውም። ብስባሹ ሁሉ ተጠርጎ፣ የጎማ መከለያው ጥርሱን ዙሪያውን ጥብቅ አድርጎ ካልያዘ በስተቀር ወደ ቦዩ አልገባም።

የጉታ ፐርቻውን ዘንግ አፈጣጠር ማወቅ ለሚቀጥለው ሥራ ቁልፍ ነው። በስሙ ጉታ ፐርቻ ይባል እንጂ ከዛፍ የሚገኘው ጉታ ፐርቻ በውስጡ 20 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ ከ60 እስከ 75 በመቶ የሚሆነው ዚንክ ኦክሳይድ ሲሆን፣ የቀረው ሰምና በራጅ ላይ እንዲታይ የሚያደርጉት የብረት ጨዎች ናቸው። ሲሞቅ ይለሰልሳል፤ እንደ ክሎሮፎርም ባለ ማሟሚያም ይሟሟል። ነገር ግን የሚሟሟው ጉታ ፐርቻው እንጂ ዚንክ ኦክሳይዱ ስላልሆነ፣ በማሟሚያ የራሰ ሙሌት ወደ ሮዝ ጭቃ ይለወጣል። ያንን ጭቃ ይዘን ፋይል (ቦዩን የሚፍቅ ቀጭን የብረት መሣሪያ) ስናሽከረክር ግድግዳው ላይ እንቀባዋለን፤ ወደ ዴንቲን ቱቦዎች፣ በሁለት ቦዮች መካከል ወዳለው ጠባብ መገናኛና ከሥሩ ጫፍ ውጭም ልንገፋው እንችላለን። ከዚህ የተነሳ ብዙዎች ገና ቦዩን ሲከፍቱ የሚያፈስሱትን ማሟሚያ እኔ ወደ መጨረሻ አቆየዋለሁ። ዋናው ሙሌት ደረቅ ሆኖ፣ በቁራጭ በቁራጭ እንዲወጣ እፈልጋለሁ።

ከቦዩ የላይኛው ሲሶ እጀምራለሁ። የጋለ ጫፍ ያለው መሣሪያ ለጥቂት ሰከንድ አስገብቼ ሳወጣው የተወሰነ ሙሌት ተጣብቆበት ይወጣል፤ የሚቀረው ለስልሶ ለሚቀጥለው መሣሪያ መግቢያ ይከፍታል። ቀጥሎ ለድጋሚ ሕክምና ተብለው ከተሠሩት የሚሽከረከሩ ፋይሎች አንዱን እጠቀማለሁ። ለምሳሌ ፕሮቴፐር የተባለው ምርት የድጋሚ ሕክምና ፋይሎች ሦስት ናቸው፤ ዲ1 ለላይኛው፣ ዲ2 ለመካከለኛው፣ ዲ3 ለታችኛው ክፍል የተዘጋጁ ሲሆን ርዝመታቸውም በቅደም ተከተል 16፣ 18 እና 22 ሚሊ ሜትር ነው። ዲ1 ሙሌቱን ወግቶ እንዲገባ ጫፉ ቆራጭ ሆኖ ተሠርቷል። ስለዚህ ቀጥ ባለው የቦዩ ክፍል ብቻ የሚያገለግል ነው፤ ወደ ጠመዝማዛው ክፍል ገፍቶ ማስገባት ግድግዳውን መብሳት ማለት ነው። እነዚህ ፋይሎች ለመደበኛ ቅርጽ ማውጫ ከምንጠቀምበት ፍጥነት ከፍ ባለ፣ በደቂቃ ከ500 እስከ 700 ዙር በሚደርስ ፍጥነት ይሠራሉ፤ ፍጥነቱ በሚፈጥረው ሙቀት ጉታ ፐርቻው ይለሰልስና በፋይሉ ጥምዝ ላይ እየተጠቀለለ ወደ ላይ ይወጣል። ትክክለኛ አካሄድ ላይ መሆኔን የማውቀው ፋይሉን ሳወጣ ጥምዞቹ መካከል ረጅም ሮዝ ክር ተጠምጥሞ ሳይ ነው። ክሩ አጭርና የተፈረካከሰ ነጭ ዱቄት የተቀላቀለበት ከሆነ፣ ፋይሉ ከሙሌቱ ወጥቶ ዴንቲን እየፋቀ መሆኑን እገምትና እቆማለሁ።

ፋይሉን ፈጽሞ አልገፋም። በቀላል እጅ ነካ እያደረግሁ፣ በየጊዜው አውጥቼ በጎዝ ጨርቅ እየጠረግሁ እመለሳለሁ። እንቢ ካለ የሞተር ፋይሉን አስቀምጬ በእጅ እቀጥላለሁ። ቁጥር 15 ወይም 20 የሆነ የሄድስትሮም ፋይል በሙሌቱና በግድግዳው መካከል አስገብቶ፣ ሩብ ዙር ያህል ወደ ቀኝ አዙሮ አስነክሶ ቀጥ አድርጎ ወደ ላይ መሳብ፣ በደንብ ያልተጨመቀ አሮጌ ሙሌትን አንዳንድ ጊዜ አንድ ወጥ አድርጎ ያወጣዋል። ለእኔ ከዚህ ሥራ ሁሉ የሚያስደስተኝ ይህ ነው፤ ሙሉው ኮን (የጉታ ፐርቻው ዘንግ) ከነሲለሩ ተስቦ ሲወጣ ከስንት ጭቃ እንዳዳነኝ አውቃለሁና። ሄድስትሮም ፋይል ሲሳብ የሚቆርጥ እንጂ ለማዞር ያልተሠራ በመሆኑ ከሩብ ዙር በላይ ማዞር ለስብራት ይዳርጋል።

ከሥሩ ጫፍ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ሲቀረኝ የሞተሩ ሥራ ያበቃል። እዚያ ያለውን ክፍል የምሠራው ጫፉን ቀድሜ ባጎበጥኩት ቀጭን የእጅ ፋይል ነው፤ ቁጥር 10 ወይም ለዚህ ተብሎ የተሠራ ጠንከር ያለ ፋይል ይመቻል። ከላይ ወደ ታች በደረጃ መውረድና የታችኛውን ክፍል ለመጨረሻ ማስቀረት በበሽታ የተበከለ ቆሻሻ ከሥሩ ጫፍ ውጭ ተገፍቶ ከሕክምናው በኋላ የሚከሰተውን ብርቱ ሕመምና እብጠት ይቀንሳል። የአፔክስ ሎኬተር (የሥሩን ጫፍ በኤሌክትሪክ የሚያመለክት መሣሪያ) ንባብም በቦዩ ውስጥ ጉታ ፐርቻ እያለ እምነት የሚጣልበት ስላልሆነ፣ ትክክለኛውን ርዝመት የምወስደው ፋይሉ ያለ ተቃውሞ እስከ ጫፉ ከደረሰ በኋላ ነው። እስከዚያው ድረስ ከድሮው ራጅ በገመትኩት ርዝመት እሠራለሁ።

አሁን ወደ ቅሪቱ እመለሳለሁ። ብዙ ባልደረቦች ሥራው ማለቁን የሚለኩት ፋይሉ ንጹህ ሆኖ በመውጣቱ፣ ማጠቢያው በመጥራቱና ራጁ ላይ ምንም ባለመታየቱ ነው። እነዚህ ሦስቱም አብረው ሊያሳስቱ ይችላሉ። አንድ የላይኛው መንጋጋ ጥርስ ላይ የላንቃውን ቦይ ጨርሼ ፋይሉ እንደገባ ንጹህ ሆኖ ይወጣ ነበር፤ ማጠቢያውም እንደ ውኃ ጠርቶ ነበር፤ ራጁም ባዶ ቦይ ያሳይ ነበር። በማይክሮስኮፑ ከፍተኛ ማጉሊያ መስታወቱን አዘንብዬ ሳይ ግን፣ በአንደኛው ግድግዳ ላይ ከአፉ በታች ጀምሮ ወደ ጥልቁ የሚወርድ፣ እንደ ሻይ ቅጠል የሳሳ ሮዝ ንጣፍ ተለጥፎ ነበር። ቦዩ ሞላላ ስለነበር ክብ ሆኖ የሚሽከረከረው ፋይል ያንን ጎን ጨርሶ አልነካውም። ራጅ ደግሞ ከፊት ወደ ኋላ ያለውን ጥላ አንድ ላይ ደራርቦ የሚያሳይ በመሆኑ በግድግዳ ላይ የተለጠፈን ስስ ንጣፍ ለይቶ አያሳይም። ሞላላ ቦይ ባላቸው ሥሮች ሁሉ፣ በተለይ በታችኛው መንጋጋ የኋለኛ ሥርና በላይኛው ሁለተኛ ትንሽ መንጋጋ ጥርስ ላይ፣ ቀጥ ብሎ ወርዶ ከመመለስ ይልቅ ፋይሉን ወደ ግድግዳዎቹ እያስጠጉ መጥረግ ያስፈልጋል።

ማሟሚያው ቦታ የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው። ዋናው ሙሌት ከወጣ በኋላ ቦዩን አደርቅና በጥቂት ጠብታ ክሎሮፎርም ከአፉ ዝቅ አድርጌ እሞላዋለሁ፤ ለአንድ ደቂቃ ያህል ካቆየሁት በኋላ ከቦዩ ልክ ጋር የሚስማማ ፔፐር ፖይንት (ፈሳሽ የሚመጥጥ ቀጭን የወረቀት ዘንግ) አስገብቼ እንዲመጥጥ አደርጋለሁ። የመጀመሪያው ፖይንት ሮዝ ሆኖ ይወጣል፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው እየነጡ ይሄዳሉ። ወረቀቱ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ ማሟሚያውን እየሞላሁ እደግመዋለሁ። በዚህ መንገድ የሟሟው ነገር በፋይል ግድግዳው ላይ ከመቀባት ይልቅ በወረቀቱ ተመጥጦ ይወጣል። ከእጄ ካለፉት ዘዴዎች ሁሉ በትንሽ ወጪ ብዙ የሚሠራው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ክሎሮፎርም ከሌሎቹ ማሟሚያዎች ይልቅ ጉታ ፐርቻን ፈጥኖ የሚያሟሟ ቢሆንም በሰው ላይ ካንሰር ሊያስከትሉ ይችላሉ ተብለው ከተመደቡ ኬሚካሎች አንዱ ነው። ስለዚህ የሚያስፈልገውን ጥቂት ጠብታ ብቻ በብርጭቆ ዕቃ አውጥቼ፣ ክዳኑን ወዲያው ዘግቼ፣ አየርና ፈሳሽ የሚስበው ከፍተኛ መሳቢያ ከአጠገቡ ሆኖ እጠቀማለሁ። የጎማ መከለያውንና አንዳንድ ፕላስቲኮችንም ስለሚበላ መርፌው በመከለያው ላይ እንዳይንጠባጠብ እጠነቀቃለሁ። ከብርቱካን ልጣጭ የሚወጣው ዘይትና ዩካሊፕቶል ቀስ ብለው ይሠራሉ እንጂ ያገለግላሉ፤ የክሎሮፎርም አያያዝ ባልተመቻቸበት ክሊኒክ እነርሱን መምረጥ ተገቢ ነው። የትኛውም ቢሆን ከሥሩ ጫፍ ውጭ እንዳይፈስ መርፌውን ግድግዳ እስኪይዘው ድረስ አጥልቆ መግፋት ክልክል ነው።

ከማሟሚያው በኋላ የሚከተለው መጨረሻ እጥበት ችኮላ አይወድም። ሶዲየም ሃይፖክሎራይቱን በየጊዜው እያደስኩ በአልትራሳውንድ አነቃቃዋለሁ፤ ቀጭኑ ጫፍ ግድግዳውን ሳይነካ በነጻ ሲንቀጠቀጥ ፈሳሹ ውስጥ የሚፈጠረው ሞገድ ፋይል የማይደርስባቸውን ማዕዘኖች ይጠርጋል። ለዚሁ ዓላማ የተሠሩና በሰውነት ሙቀት ቅርጻቸው የሚለወጥ ቀጫጭን የማጠናቀቂያ ፋይሎችም አሉ፤ ሞላላ ቦይ ውስጥ ተዘርግተው ግድግዳውን ስለሚዳስሱ ቅሪቱን በእርግጥ ይቀንሱታል። ከዚያ 17 በመቶ ኢዲቲኤ (በመፋቅ ግድግዳው ላይ የተፈጠረውን ስስ ንጣፍ የሚያነሳ ፈሳሽ) ለአንድ ደቂቃ ያህል፣ በስተመጨረሻም እንደገና ሃይፖክሎራይት አስከትላለሁ። ክሎርሄክሲዲን (ሌላ ጀርም ገዳይ ማጠቢያ) መጨመር የሚፈልግ ሰው በመካከሉ በንጹህ የጨው ውኃ ማጠብና ማድረቅ አለበት፤ እርሱና ሃይፖክሎራይቱ ሲገናኙ ቱቦዎቹን የሚደፍን ቡናማ ዝቃጭ ይፈጥራሉ። የድሮው ሕክምና የሥሩን ጫፍ አስፍቶት ሊሆን ስለሚችል ጎኑ የተከፈተ መርፌ ከመጨረሻው ርዝመት 2 ሚሊ ሜትር ያህል አሳጥሬ፣ በእርጋታ እየገፋሁ አጥባለሁ።

ይህ ሁሉ ጉታ ፐርቻንና የተለመዱትን ሲለሮች የሚመለከት ነው። ሌሎች ቁሶች የየራሳቸው ጠባይ አላቸው። ካልሲየም ሲሊኬት ያለባቸው ባዮሴራሚክ ሲለሮች ከደረቁ በኋላ በክሎሮፎርም አይሟሙም፤ ኮኑ እስከ ሥሩ ጫፍ ደርሶ ከነበረ በኮኑ መንገድ መውረድ ይቻላል፤ የታችኛው ክፍል በሲለር ብቻ ተሞልቶ ከሆነ ግን ወደ ጫፉ መድረስ ላይሳካ እንደሚችል ለታካሚው አስቀድሞ መናገር ይገባል። ጥርሱ ወደ ቀይ ቡናማ ቀለም ተለውጦ ከተገኘ በሬዞርሲንና ፎርማሊን የተሞላ መሆኑን እጠረጥራለሁ፤ ይህ እንደ ሸክላ የሚጠጥርና ማሟሚያ የማይበግረው ቁስ ስለሆነ በማይክሮስኮፕ ሥር በአልትራሳውንድ ጫፍ ጥቂት በጥቂት ከመፈርፈር በቀር ሌላ መንገድ የለውም። የፕላስቲክ ዘንግ ላይ የተሸፈነ ጉታ ፐርቻ ሲያጋጥም መጀመሪያ ዙሪያውን በሙቀት ወይም በማሟሚያ ማለስለስ፣ ከዚያ ሄድስትሮም ፋይል ከጎኑ አስገብቶ ዘንጉን አንድ ላይ መሳብ ይሻላል። የብር ዘንግን በምንም ምክንያት በመቦርቦሪያ መንካት አይገባም፤ ለስላሳ ብረት በመሆኑ የሚያዘው ጫፍ ከተቆረጠ የሚሳብበት ነገር አይኖርም።

ከሥሩ ጫፍ ውጭ ያለፈ ኮን ሌላው ጥንቃቄ የሚሻ ጉዳይ ነው። ማሟሚያ ከነካው ለስልሶ ይበጠሳል፤ ቁራጩም በአጥንቱ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ የላይኛውን ክፍል ብቻ አስወግጄ፣ ጫፉ ላይ ያለውን ክፍል ሳላለሰልስ፣ ቀጭን ሄድስትሮም ፋይል ከጎኑ ከሥሩ ጫፍ በግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል አልፎ እንዲነክሰው አድርጌ በዝግታ እስባለሁ። ሁልጊዜ አይሳካም፤ ሲሳካ ግን ቀዶ ሕክምናን ያስቀራል።

መቼ ማቆም እንደሚገባም ማወቅ ያስፈልጋል። የታችኛው መንጋጋ የፊተኛ ሥር ሹካው (ሥሮቹ የሚለያዩበት ቦታ) በሚገኝበት በኩል ግድግዳው ስስ ስለሆነ፣ ጥቂት ቅሪት ለማውጣት ሲባል በወፍራም ፋይል መፋቅ ሥሩን ሊበሳው ይችላል። እንዲህ ባለ ቦታ ላይ የማይነቀል ቅሪት ካለ እተወዋለሁ፤ ቦታውንም በታካሚው ካርድ ላይ እጽፋለሁ። ቦዩ ውስጥ መግል ካለ ወይም ጊዜው ካልበቃኝ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ሞልቼ፣ አፉን በማያስገባ ጊዜያዊ ሙሌት ዘግቼ፣ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ቀጠሮ እሰጣለሁ። ለታካሚው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሲነክስ ሊያመው እንደሚችል፣ ነገር ግን ፊቱ ካበጠ ወይም ትኩሳት ከተሰማው ቀጠሮውን ሳይጠብቅ ወዲያው መምጣት እንዳለበት እነግረዋለሁ።

ቦዩ እንደገና ከተሞላ በኋላ ከላይ ያለው ቋሚ ሙሌት ወይም ክራውን መዘግየት የለበትም፤ ከአፍ የሚገባ ምራቅ የተደከመበትን ቦይ መልሶ ይበክለዋል። የቁጥጥር ራጅ ከ6 ወር በኋላና ከ1 ዓመት በኋላ አነሳለሁ፤ በሥሩ ጫፍ ያለው ጥላ እየጠበበ ነገር ግን ጨርሶ ሳይጠፋ ከቆየ ክትትሉ እስከ 4 ዓመት ሊቀጥል ይችላል። ጥላው ከሰፋ ወይም ምልክቱ ከተመለሰ የሥሩን ጫፍ በቀዶ ሕክምና ስለማከም ከታካሚው ጋር እነጋገራለሁ። በካርዱ ላይ የእያንዳንዱን ቦይ ርዝመትና የመጨረሻ ስፋት፣ ያወጣሁት የድሮ ቁስ ምን ዓይነት እንደነበር፣ የተውኩት ቅሪት በየትኛው ግድግዳ ላይ እንዳለና አሁን የተጠቀምኩበትን ሲለር ስም ሳልጽፍ ካርዱን አልዘጋም። ጥርሱን ወደፊት የሚያየው ሌላ ሐኪም ሊሆን ይችላልና፣ ሲለሩ የሚሟሟ ይሁን የማይሟሟ ከራጅ ላይ አንብቦ ሊያውቅ አይችልም።